የተረጨው ፀረ-አረም ወዴት ይሄዳል?
(ዕፅዋትና የአፈር ረቂቅ ሕዋሳት ኬሚካልን እንዴት እንደሚያፈራርሱ)

እንደሚታወቀው በብዙ የአገራችን ስንዴና ጤፍ አብቃይ አካባቢዎች አረምን በእጅ ከመንቀል ጎን ለጎን በኬሚካል ማጥፋት የተለመደ ሆኗል። ገበሬው ኬሚካሉን «መድኃኒት» ብሎ ይጠራዋል። መርጫውን በጀርባው አዝሎ ማሳውን ይረጭና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ አረሙ ጠውልጎ ሲደርቅ ያያል። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱስ የት ገባ?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው ወገን «መሬት የማይበላው ነገር የለም፤ አንድ ዝናብ ከመታው አለቀለት» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «አንዴ መርዝ የነካው መሬት ለዘለዓለም ተመርዟል» ይላል። ሁለቱም መልሶች ጉዳት አላቸው። የመጀመሪያው ሰውን ቸልተኛ ያደርገዋል፤ መጠን ሳይለካ እንዲረጭ፣ ባዶውን ጣሳ ለውኃ መቅጃ እንዲያውል ያደፋፍረዋል። ሁለተኛው ደግሞ አስተማሪውን ተዓማኒነት ያሳጣዋል። ገበሬው ባለፈው ዓመት የረጨው መሬት ዘንድሮ ጥሩ እህል ሲሰጠው በዓይኑ አይቷል፤ ታዲያ «መሬትህ ለዘለዓለም ተመርዟል» የሚለውን ሰው ለምን ይሰማዋል?

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ የምንመደበው አብዛኛውን ጊዜ በገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። ይህን ጥያቄ ተማሪው በክፍል ውስጥ፣ ወላጁ ደግሞ በገበያ መንገድ ላይ ይጠይቀናል። ስለዚህ ትክክለኛውን መልስ ከነምክንያቱ ማወቅ ይጠበቅብናል። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ደረጃ በደረጃ ለማየት እንሞክራለን። በመጨረሻም በጥቂት ቆርቆሮና በአንድ እፍኝ ምስር ሊሠራ የሚችል ሙከራ እናቀርባለን።

1. ፀረ-አረም እንዴት ይገድላል?

ለምሳሌ በሰፊው የሚታወቀውን ቱ-ፎር-ዲን እንውሰድ። ይህ ኬሚካል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በእንግሊዝና በአሜሪካ በተደረጉ ምርምሮች የተገኘ ሲሆን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1945 ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ ቀላል መርሕ አለው። ዕፅዋት እድገታቸውን የሚመሩበት ኦክሲን የተባለ ሆርሞን አላቸው። ተክሉ ይህን ሆርሞን በጣም በጥቂቱ ያመርታል፤ ሥራውን ሲጨርስም ራሱ ያፈርሰዋል። ቱ-ፎር-ዲ የዚህ ሆርሞን አስመሳይ ነው። ወደ ተክሉ ሲገባ ሕዋሳቱ «እደጉ» የሚል ትእዛዝ የደረሳቸው ይመስላቸዋል። ልዩነቱ እውነተኛው ሆርሞን ቶሎ ሲፈርስ አስመሳዩ ቶሎ አለመፍረሱ ነው። ትእዛዙ አያቋርጥም። ግንዱ ይጣመማል፤ ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ውኃና ምግብ የሚመላለስባቸው ቧንቧዎች ይደፈናሉ፤ ተክሉም ይሞታል።

እንግዲህ ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። አንድን ነገር መርዝ የሚያደርገው የሚያደርሰው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ሳይፈርስ የሚቆይበት ጊዜም ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በዚህ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ስለ ቅርጹም ጥቂት እንበል። የቱ-ፎር-ዲ ሞለኪውል ስድስት የካርቦን አተሞች ተያይዘው የሠሩት ቀለበት አለው። በቀለበቱ ላይ ሁለት የክሎሪን አተሞች ተቀምጠዋል፤ በጎኑ ደግሞ አጭር ጅራት ተንጠልጥሏል። በስሙ ውስጥ ያሉት 2 እና 4 ቁጥሮች ሁለቱ ክሎሪኖች የተቀመጡባቸውን ቦታዎች ያመለክታሉ። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ ክሎሪኖቹም እንደ ዘብ ሆነው ይጠብቁታል። ይህን ምስል በአእምሯችን ከያዝን የሚቀጥለው ሁሉ ይቀለናል።

2. አረሙ ሲሞት ስንዴው ለምን ይተርፋል?

መጭና ሌሎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች በቱ-ፎር-ዲ ሲሞቱ፣ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ በተገቢው የእድገት ደረጃ ላይ ከተረጩ ይተርፋሉ። ለዚህ በርካታ ምክንያቶች አሉ። የሣር ወገን የሆኑ ሰብሎች ቅጠላቸው ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ ጠብታው ይንሸራተታል። የሚያድገው ጫፋቸውም በቅጠል ተሸፍኖ የተደበቀ ነው። ኬሚካሉም በውስጣቸው እንደ ልብ አይዘዋወርም። ይሁን እንጂ ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ፤ ሰብሉ መርዙን ያፈርሰዋል።

እኛ ሰዎች መርዝ ሲገባብን ጉበታችን ይለውጠዋል፤ ኩላሊታችን ደግሞ ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ተክል ጉበትም ኩላሊትም የለውም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ሥራውን በሦስት ደረጃ ያከናውናል።

ሀ) መለወጥ፦ በመጀመሪያ ኤንዛይሞች የመርዙን ሞለኪውል ይነካኩታል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚሠሩት ሳይቶክሮም ፒ-450 የሚባሉ ኤንዛይሞች ናቸው። በሞለኪውሉ ላይ ኦክሲጅን ይጨምሩበታል። በዚህም የመርዙ ቅርጽ ይዛነፋል።

ለ) ማሰር፦ በሁለተኛው ደረጃ የተለወጠው ሞለኪውል ከሌላ ነገር ጋር ይታሰራል። ማሰሪያው ብዙ ጊዜ ስኳር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ግሉታታዮን የተባለ ከሦስት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ውሁድ ነው። የታሰረ መርዝ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟና እንደ ልቡ መዘዋወር የማይችል ይሆናል።

ሐ) መቆለፍ፦ በሦስተኛው ደረጃ የታሰረው ነገር በሕዋሱ ውስጥ ባለ የማከማቻ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ወይም ከሕዋሱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ተክሉ ቆሻሻውን ወደ ውጭ መጣል ስለማይችል በራሱ ጓዳ ቆልፎ ያስቀምጠዋል ማለት ነው።

ስንዴ ቱ-ፎር-ዲን የሚያሸንፈው በዚህ መንገድ ነው። ቀለበቱ ላይ ኦክሲጅን ይጨምርበታል፤ ከስኳር ጋር ያስረዋል፤ ይቆልፈዋል። በብዙ ባለ ሰፊ ቅጠል ተክሎች ውስጥ ግን የመጀመሪያው ደረጃ ደካማ ነው። እነሱ ቱ-ፎር-ዲን ሳይለውጡት በቀጥታ ከአሚኖ አሲድ ወይም ከስኳር ጋር ያስሩታል። ይህ እስር ደግሞ በቀላሉ ይፈታል። ሲፈታ መርዙ እንደነበረ ሆኖ ይወጣል። እስረኛን ትጥቁን ሳያስፈቱ ማሰር ነው ነገሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ እናንሳ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ኑግ እነዚህ ሁሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ናቸው። ለቱ-ፎር-ዲ ባቄላ «ሰብል» መጭ «አረም» የሚባል ልዩነት የለም። በነፋሻ ቀን የተረጨ ኬሚካል ድንበር ተሻግሮ የጎረቤትን ባቄላ ያቃጥላል፤ ሁለት ጎረቤታሞችንም ያጣላል። ኬሚካሉ የሚመርጠው በሰው ፈቃድ ሳይሆን በተክሉ የማፍረስ ችሎታና አፈጣጠር ነው።

3. በቆሎና ሩዝ የሚሰጡን ትምህርት

በቆሎ ላይ የሚረጨው አትራዚን እ.ኤ.አ. በ1958 ከስዊዘርላንድ የወጣ ፀረ-አረም ነው። አትራዚን እድገትን አያዛባም፤ የሚያጠቃው ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበትን ሥራ ነው። በቆሎ ግን ግሉታታዮን-ኤስ-ትራንስፈሬዝ የተባለ ኤንዛይም በብዛት አለው። ይህ ኤንዛይም ከአትራዚን ላይ ክሎሪኑን አንስቶ በቦታው ግሉታታዮንን ይተካል። ክሎሪኑ የሄደበት አትራዚን ጥርሱ እንደ ወለቀ እባብ ነው። ማሽላም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል። በቆሎ በተጨማሪ በሥሩ ውስጥ ባለ ሌላ የተፈጥሮ ውሁድ አማካይነት ክሎሪኑን በኦክሲጅንና በሃይድሮጅን ይተካዋል። ስለዚህ ሁለት መከላከያ አለው ማለት ነው።

የሩዝ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለአስተማሪዎች በጣም ጠቃሚ ነው። ፕሮፓኒል የተባለ ፀረ-አረም በሩዝ ማሳ ላይ ይረጫል። ሩዙ አሪል አሲልአሚዴዝ በሚባል ኤንዛይም ፕሮፓኒልን ለሁለት ይቆርጠዋል። አረሙ ይህ ኤንዛይም በበቂ መጠን ስለሌለው ይሞታል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች፣ በተለይም ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉት ወገኖች፣ ይህንኑ የሩዝ ኤንዛይም ያግዱታል። በመሆኑም ሁለቱ ኬሚካሎች ተቀላቅለው ወይም በተቀራራቢ ቀን ቢረጩ ሩዙ ራሱ ይቃጠላል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሩዙን ባይጎዱትም ሲገናኙ ይገድሉታል።

«ለድካም ለመቀነስ» በማለት ሁለት መድኃኒት በአንድ መርጫ ማደባለቅ ለምን አደገኛ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ካልፈቀደ በስተቀር ማደባለቅ አይገባም።

4. በመሬት ውስጥ የሚሠራው ሠራዊት

እስቲ አሁን ወደ አፈሩ እንውረድ። ከተረጨው ኬሚካል ብዙው እጅ ከቅጠል ይልቅ በቀጥታም ሆነ በዝናብ ታጥቦ መሬት ላይ ያርፋል። በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም እስከ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ሻጋታዎችም አብረው አሉ። እነዚህ ረቂቅ ሕዋሳት የሞተ ቅጠል፣ ሥርና ፍግ እያፈረሱ ይኖራሉ። የእነሱ ሥራ ባይኖር ኖሮ ምድር በሬሳና በገለባ በተሞላች ነበር።

ኬሚካልን የሚያፈርሱት እነሱ መሆናቸው የታወቀው እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ1949 ኦደስ የተባሉ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አንድ ግሩም ሙከራ አሳተሙ። የቱ-ፎር-ዲ ውኃ በአፈር ውስጥ ደጋግሞ እንዲያልፍ አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኬሚካሉ ብዙም አልቀነሰም። ከዚያ በኋላ ግን በፍጥነት መጥፋት ጀመረ። በዚያው አፈር ላይ ሁለተኛ ዙር ቱ-ፎር-ዲ ሲጨመር ደግሞ ያለ ምንም መዘግየት ወዲያው መፍረስ ቀጠለ።

ይህ ምን ያስረዳል? ኬሚካሉን የሚያጠፋው አፈሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ዙር እኩል በፈረሱ ነበር። የመጀመሪያው መዘግየት ኬሚካሉን መብላት የሚችሉት ጥቂት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ከተራቡ በኋላ ማዕዱ ሲቀርብ ጊዜ አያባክኑም። ጠላ ስንጠምቅ ጥንስሱ እስኪነሣ እንደምንጠብቀው ያለ ነው።

ባክቴሪያዎቹ ቱ-ፎር-ዲን የሚበሉበት ቅደም ተከተልም በዝርዝር ታውቋል። በሰፊው ከተጠኑት አንዷ በአውስትራሊያ ከአፈር የተለየችው ጄ-ኤም-ፒ 134 የምትባለው ባክቴሪያ ናት። ሥራዋ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በኦክሲጅን እየታገዘች በጎን ያለውን ጅራት ትቆርጣለች። የሚቀረው ዳይክሎሮፌኖል ይባላል።
ሁለተኛ፣ በቀለበቱ ላይ ሌላ ኦክሲጅን ትጨምራለች።
ሦስተኛ፣ ቀለበቱን ትበጥሰዋለች። ይህ ትልቁ ድል ነው፤ የታጠረ ግቢ በሩ እንደ ተከፈተ ይቆጠራል።
አራተኛ፣ ክሎሪኖቹን አንድ በአንድ ታስወግዳለች። ክሎሪኖቹ በገበታ ጨው ውስጥ እንዳለው ዓይነት ተራ ክሎራይድ ይሆናሉ።
አምስተኛ፣ የቀረውን ካርቦን እንደ ማንኛውም ምግብ ትጠቀምበታለች። መጨረሻው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የዘር መልእክት የተጻፈው ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ ክብ ዲ-ኤን-ኤ ላይ ነው። ፕላዝሚድ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ልትተላለፍ ትችላለች። ሰጪዋ ቅጂውን ትሰጣለች እንጂ የራሷን አታጣም። ከጎረቤት እሳት ጭሮ እንደ መውሰድ ነው፤ የተጫረበት ምድጃ አይጠፋም፤ አዲሱ ምድጃም ይነዳል።

አትራዚን ለብዙ ጊዜ በዝግታ የሚፈርስ ኬሚካል ሆኖ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ግን በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት አትራዚን ከፈሰሰበት ሥፍራ የተገኘች ሱዶሞናስ ኤ-ዲ-ፒ የተባለች ባክቴሪያ ይፋ ሆነች። ይህች ባክቴሪያ አትራዚንን የምትፈልገው በውስጡ ላለው ናይትሮጅን ነው። መጀመሪያ ክሎሪኑን ታነሣለች፤ ቀጥላ የጎን ጅራቶቹን ትቆርጣለች፤ በመጨረሻም ቀለበቱን ፈትታ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሞኒያ ታደርገዋለች። ከገበሬው ፀረ-አረም ለራሷ ማዳበሪያ አወጣች እንደ ማለት ነው።

ሁሉም ረቂቅ ሕዋስ ግን ለምግብ ብሎ አያፈርስም። አንዳንዶቹ ሌላ ነገር ለማፍረስ ያወጡት ኤንዛይም በአጋጣሚ ኬሚካሉንም ይነካዋል። ለምሳሌ እንጨት የሚያበሰብሱ አንዳንድ ሻጋታዎች ጠንካራውን የእንጨት ክፍል ለመስበር የሚያወጧቸው ኤንዛይሞች ብዙ ዓይነት የእርሻ ኬሚካሎችንም ይሰብራሉ።

5. አንድ ክሎሪን ሲጨመር

ቅርጽ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማየት የቱ-ፎር-ዲን ወንድም እንመልከት። ቱ-ፎር-ፋይቭ-ቲ ይባላል። በቀለበቱ ላይ ከሁለት ይልቅ ሦስት ክሎሪኖች አሉት። በዚህ በአንድ ተጨማሪ ዘብ ምክንያት በአፈር ውስጥ ከወንድሙ እጅግ ቀስ ብሎ ይፈርሳል።

አሜሪካ በቬትናም ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 ባካሄደችው ርጭት ሁለቱ ወንድማማቾች ተደባልቀው በደንና በእህል ላይ ተረጭተዋል። ከሁሉም የከፋው ጉዳት የመጣው ግን ቱ-ፎር-ፋይቭ-ቲ ሲመረት ሳይታሰብ ከሚፈጠረው ዳዮክሲን ከሚባል መርዝ ነው። ዳዮክሲን በአፈርና በደለል ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። አሜሪካ በራሷ ምድር የቱ-ፎር-ፋይቭ-ቲን አብዛኛውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1979 አገደች፤ በ1985 ደግሞ ፈጽሞ አቆመችው።

በትውልድ ሕንዳዊ የሆኑት ሳይንቲስት አናንዳ ቻክራባርቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ ውጤት አሳተሙ። ከቆሻሻ መጣያ ሥፍራዎች የተሰበሰቡ ባክቴሪያዎችን ቀስ በቀስ ቱ-ፎር-ፋይቭ-ቲን እያለማመዱ በመጨረሻ እሱን ብቻ እየበላ የሚኖር ዝርያ አገኙ። ይህ ተፈጥሮ ጊዜና ዕድል ካገኘች አስቸጋሪውንም ነገር ለመፍታት እንደምትችል ያሳያል። ነገር ግን በቤተ ሙከራ የተቻለ ሁሉ በማሳ ላይ በራሱ ይሆናል ማለት አይደለም።

6. ፍጥነቱን የሚወስነው ምንድን ነው?

አንድ ኬሚካል በአንዱ ማሳ በሁለት ሳምንት ሲፈርስ በሌላው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

እርጥበት፦ ረቂቅ ሕዋሳት ያለ ውኃ አይሠሩም። በክረምት የጀመረው ሥራ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ይቆማል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ «ስድስት ወር አልፎታል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከስድስቱ ወር ስንቱ እርጥብ ነበር? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አየር፦ ቱ-ፎር-ዲን የማፍረሱ የመጀመሪያ ሥራ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ውኃ በሚተኛበት መረሬ መሬት ላይ አየር ስለሚያንስ ሥራው ይዘገያል።

ሙቀት፦ በቆላና በወይና ደጋ ፈጠን፣ በውርጫማ ደጋ ዘገም ይላል።

ብስባሽ፦ ፍግና ብስባሽ ያለው አፈር የብዙ ረቂቅ ሕዋሳት ቤት ነው። ኩበቱ ሁሉ ለማገዶ፣ ገለባው ሁሉ ለከብት የሚሄድበት ማሳ ግን ሠራተኛ የሌለው ፋብሪካ ይሆናል።

ጥልቀት፦ አብዛኞቹ ሕዋሳት የሚኖሩት በላይኛው አፈር ላይ ነው። ኬሚካሉ በዝናብ ታጥቦ ከዚያ በታች ከዘለቀ የሚያፈርሰው ያንሳል፤ መንገዱም ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊያመራ ይችላል።

7. እስቲ በቁጥር እናስላው

የኬሚካሉ ግማሽ የሚፈርስበት ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ቱ-ፎር-ዲ በእርጥብና ለም አፈር ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ወደ 10 ቀን ገደማ ነው። በአንድ ሄክታር 720 ግራም ተረጨ እንበል። በ10ኛው ቀን 360 ግራም ይቀራል። በ20ኛው ቀን 180፣ በ30ኛው ቀን 90፣ በ40ኛው ቀን 45 ግራም ይሆናል። የአትራዚን ግማሽ ዕድሜ ደግሞ እንደ ቦታው ቢለያይም 60 ቀን ገደማ ነው ብለን ብንይዝ፣ ከ1000 ግራም ውስጥ ከ60 ቀን በኋላ 500፣ ከ120 ቀን በኋላ 250፣ ከ180 ቀን በኋላም ገና 125 ግራም ይቀራል።

ከስሌቱ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ኬሚካሉ በየጊዜው ይቀንሳል እንጂ በአንድ ቀን አይጠፋም። «አንድ ዝናብ ከመታው አለቀለት» የሚለው ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ የቀነሰው በእርግጥ ይቀንሳል። «ለዘለዓለም ተመርዟል» የሚለውም ለእነዚህ ኬሚካሎች ትክክል አይደለም። በቆሎ ላይ አትራዚን የረጨ ገበሬ ቀጥሎ ቦሎቄ ወይም ምስር ለመዝራት ቢያስብ ግን ቆም ብሎ ማስላት ይኖርበታል። ይህን ስሌት ለሂሳብ ትምህርትም ልንጠቀምበት እንችላለን።

8. ፈረሰ ማለት ጠፋ ማለት ነው ወይ?

ሁልጊዜ አይደለም። ኬሚካል ከመጀመሪያ ቅርጹ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ እስከ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ መድረሱ ሌላ ነገር ነው። በመካከል የሚፈጠሩት ቁርጥራጮች ራሳቸው ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። አትራዚን እና ቁርጥራጮቹ በብዙ የአውሮፓ አገሮች በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ተገኝተዋል። በዚህም ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 አትራዚን ከገበያ እንዲወጣ ወስኗል። በኅብረቱ ሕግ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደው ጣሪያ ለአንድ የእርሻ ኬሚካል በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር በደንብ ይሰመርበት። ረቂቅ ሕዋሳት የሚያፈርሱት አፈር ላይ ተበትኖ የሳሳውን ኬሚካል ነው። በጣሳ ውስጥ የቀረውን፣ በአልጋ ሥር የተቀመጠውን፣ በልብስ ላይ የፈሰሰውን የሚያፈርስ ባክቴሪያ የለም። ጣሳው ደረቅ ነው፤ አፈር የለውም፤ በውስጡ የቀረውም ብርቱ ነው። ስለዚህ የኬሚካል ጣሳ ለውኃ፣ ለጠላም ሆነ ለዘይት መያዣ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ ውኃውን ወደ መርጫው መመለስ፣ ከዚያም ሌላ አገልግሎት እንዳይሰጥ ጣሳውን መብሳት ያስፈልጋል። «መድኃኒት» የሚለው ስም ሕፃናትን እንዳያሳስት «የአረም መርዝ» ብለን ብናስተምር ይሻላል።

9. አረሙም ይማራል

ማፍረስ የሚችለው ሰብሉ ብቻ አይደለም። ቱ-ፎር-ዲ ሲናርና እንክርዳድን አይገድልም፤ እነሱም እንደ ስንዴ የሣር ወገን ናቸውና። በስንዴ ማሳ ላይ በየዓመቱ ቱ-ፎር-ዲ ብቻ ሲረጭ መጭ ይጠፋና ቦታውን ሲናር ይወርሰዋል። በአርሲ የስንዴ ማሳዎች ላይ ይህ ታይቷል።

ሌላም አለ። በአንድ አረም ዝርያ ውስጥ ኬሚካሉን ፈጥኖ የሚያፈርስ አንድ ተክል በተፈጥሮ ቢገኝ፣ ሌሎቹ በርጭት ሲሞቱ እሱ ይተርፋል፤ ዘሩንም ይዘራል። ከዓመታት በኋላ ማሳው በልጆቹ ይሞላል። በአውስትራሊያ የእንክርዳድ ዘመድ የሆነ ሣር በሳይቶክሮም ፒ-450 ኤንዛይሞቹ አማካይነት የተለያዩ ፀረ-አረሞችን መቋቋም ችሏል፤ ከእነዚህም ውስጥ ተረጭቶበት የማያውቀው ይገኝበታል። ስለዚህ ሰብል ማፈራረቅ፣ ደጋግሞ ማረስና በእጅ ማረም ዛሬም ጊዜ ያለፈባቸው አይደሉም።

10. በክፍል የሚሠራ ሙከራ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ሥራቸው የተበሳ 6 ቆርቆሮዎች፣ 60 ፍሬ ምስር፣ ከተረጨና ካልተረጨ ማሳ የተወሰደ ተመሳሳይ አፈር።

አሠራር፦
1ኛ. ቱ-ፎር-ዲ በተረጨ በማግስቱ፣ አስተማሪው ጓንት አድርጎ፣ ርጭቱ በቀጥታ ካረፈበት ባዶ መሬት ላይ የላይኛውን ሁለት ጣት ያህል አፈር ይወስዳል። ካልተረጨ ማሳም እንዲሁ ይወስዳል። ተማሪዎች ይህን ሥራ አይሠሩም።
2ኛ. እያንዳንዱን አፈር ሦስት ቦታ ይከፍላል። የመጀመሪያው ክፍል ወዲያውኑ 10 ፍሬ ምስር ይዘራበታል።
3ኛ. ሁለተኛው ክፍል ሳይጨቀይ እርጥብ እንደሆነ በጥላ ሥር ለስድስት ሳምንት ይቀመጣል።
4ኛ. ሦስተኛው ክፍል በጥላ ደርቆ ለስድስት ሳምንት በደረቁ ይቀመጣል።
5ኛ. ከስድስት ሳምንት በኋላ በሁሉም ላይ ምስር ይዘራል።
6ኛ. ከተዘራ ከ10 ቀን በኋላ የበቀለው ይቆጠራል፤ የሥሩና የግንዱ ርዝመት በማስመሪያ ይለካል።

የሚጠበቀው ውጤት፦ ወዲያው በተዘራበት የተረጨ አፈር ላይ ሥሩ አጭርና ወፍራም፣ ግንዱ ጠማማ ይሆናል። በእርጥብ የቆየው ካልተረጨው ጋር ይቀራረባል። በደረቁ የቆየው ግን አሁንም ምስሩን ይጎዳል። ውጤቱ ከዚህ ከተለየ አንደብቀው፤ «ለምን?» ብለን ከተማሪዎች ጋር እንወያይበት። ምስሩ አይበላም፤ አፈሩም ወደ መጣበት ማሳ ይመለሳል፤ እጅም በሳሙና ይታጠባል።

ይህ ሙከራ ለገበሬውም ይጠቅማል። አምና የተረጨ ማሳ ላይ ጥራጥሬ ከመዝራቱ በፊት በቆርቆሮ ምስር ዘርቶ መሬቱን መጠየቅ ይችላል። መልሱን ምስሩ ይነግረዋል።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. ስንዴና ባቄላ ቱ-ፎር-ዲን በሚያስሩበት መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. በኦደስ ሙከራ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የፈጠነው ለምንድን ነው?
3. ሦስተኛው ክሎሪን በቱ-ፎር-ፋይቭ-ቲ ላይ ምን ለውጥ አመጣ?
4. ግማሽ ዕድሜው 10 ቀን የሆነ ኬሚካል 720 ግራም ቢረጭ ከ60 ቀን በኋላ ስንት ይቀራል? ከ60ዎቹ ቀናት 30ዎቹ ደረቅ ቢሆኑና ሥራው በእነዚያ ቀናት ቢቆምስ?
5. አንድ ወላጅ «ጣሳውን በደንብ አጥቤ ውኃ ብቀዳበት ምን አለ?» ቢላችሁ፣ ሳታስቀይሙት እንዴት ታስረዱታላችሁ?

በአጭሩ፣ ተክሉ መርዙን ይለውጣል፣ ያስራል፣ ይቆልፋል፤ ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ ጊዜ፣ እርጥበት፣ አየርና ብስባሽ ካገኙ እስከ መጨረሻው ያፈርሱታል። መሬት ሁሉን ወዲያው የሚውጥ ጉድጓድ አይደለም፤ የቆሸሸ ሁሉ የማይጸዳበት ነገርም አይደለም። አቅሙ የተወሰነ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛን ደግሞ በአቅሙ ማሠራትና መመገብ ይገባል። ጥያቄዎቹን ሠርታችሁ ለሳይንስ ክፍል ብታስረክቡ፣ የ4ኛውን መልስ ከነአሠራሩ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።